ፓተንቱ አለ፣ ገዢው የለም፦ የዩኒቨርሲቲ ፈጠራን ለኩባንያ ላይሰንስ የማድረግ ዝርዝር መመሪያ

ሰሞኑን ሦስት መምህራን በተለያየ ቀን ደውለውልኝ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፤ "ሠርተን ጨርሰናል፣ የፓተንቱ ወረቀትም ገብቷል፣ ግን የሚወስደው ኩባንያ አጣን፣ ምን እናርግ?" ለሦስቱም ግማሽ ግማሹን ነግሬ ካርድ እያለቀብኝ ስለተቸገርኩ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ። እኔ ደብረ ብርሃን ነኝ፣ የተወሰኑ ዓመታት በተመራማሪና በፋብሪካ መሀል ስመላለስ የከረምኩ ሰው። ጠበቃ አይደለሁም፣ ውሉ ላይ ስትደርሱ ጠበቃ ያስፈልጋችኋል። እዚህ የምጽፈው በዋናነት ገዢ ስለማግኘት ነው፣ ሰው ሁሉ የሚሰናከለው እዛ ጋ ስለሆነ።

ፓተንት ማለት ፈጠራህን ሌላ ሰው ያለ ፈቃድህ እንዳይሠራበት የሚከለክል ወረቀት ነው። ላይሰንስ የሚለው ቃል ደግሞ ያስፈራል እንጂ ነገሩ እኛ አገር የታወቀ ነው፣ መሬትን ለእኩል እንደመስጠት ማለት ነው። መሬቱ ያንተ፣ በሬውና ጉልበቱ የሌላ ሰው፣ ምርት ሲገባ ትካፈላላችሁ። እዚህም ዩኒቨርሲቲው ባለቤትነቱን ይዞ ይቆያል፣ ኩባንያው ማሽንና ሠራተኛና ገበያ ይዞ ይመጣል፣ ከሽያጩ የተስማማችሁበትን ይከፍላል። ይሄን ምሳሌ ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ነገሩን በደረቁ ከምጽፈው አንድ የማውቀውን ቡድን ይዤ ልሂድ፣ ሰዎቹ እንዳይታወቁ አንዳንድ ነገር ቀያይሬያለሁ። አንድ መምህርና ሁለት የማስተርስ ተማሪዎች ናቸው። የመንዝ በግ ፀጉሩ ሻካራ ነው፣ ከጥንት ጀምሮ ባና ይሠራበታል፣ ለጥሩ ጨርቅ ግን አይሆንም፣ ዋጋውም የማይረባ ነው። እነሱ ይሄን ፀጉር አጠቡት፣ ብል እንዳይበላው አከሙት፣ በሆነ ማያያዣ ደርበው ተጫኑትና ብርድ የሚከላከል የግድግዳ ሰሌዳ አወጡ። ጥሩ ሥራ ነው። ከዛ ሁለት ዓመት ሼልፍ ላይ ተቀመጠ።

1. መጀመሪያ የማን እንደሆነ አጣሩ

አሰልቺ ነው ግን ዝለሉትና ጉዳችሁን ታያላችሁ። የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 የሚለው በአጭሩ፣ ተቀጥረህ በሥራህ የሠራኸው ፈጠራ ሌላ ስምምነት ከሌለ የአሠሪው ነው፣ ከሥራህ ጋር ሳይገናኝና የአሠሪውን ዕቃም ሳትነካ የሠራኸው ያንተ ነው፣ መሀል ላይ የሚወድቀው ደግሞ የጋራ ይሆናል። ስለዚህ የመምህሩ ድርሻ በአብዛኛው የዩኒቨርሲቲው ነው።

ችግሩ ተማሪው ነው። ተማሪ ደሞዝተኛ አይደለም፣ ማያያዣውን ያገኘው እሱ ከሆነ ደግሞ ስሙ የግድ ይገባል። የኛዎቹ ሁለት ተማሪዎች ተመርቀው አንዷ አዲስ አበባ፣ አንዱ አገር ጥሎ ሄዷል፣ ፊርማ ፍለጋ አራት ወር ፈጀብን። ገና ግቢ ውስጥ እያሉ አንድ ወረቀት አስፈርሙ፦ ማን ምን አበረከተ፣ መብቱ ለማን ተላለፈ፣ ገንዘብ ከመጣ ድርሻቸው ስንት ነው። የፕሮጀክት ብር የሰጠ ድርጅት ካለ የሱንም ስምምነት ፈልጋችሁ አንብቡ፣ አንዳንዱ ውስጥ የማትጠብቁት አንቀጽ ተደብቆ ይገኛል።

2. አፍ መዝጋት

ማመልከቻው ሳይገባ ቴሌግራም ላይ ፎቶ፣ ኤግዚቢሽን ላይ ፖስተር፣ ጆርናል ላይ አርቲክል፣ ሁሉ ሰው የገባበት የመመረቂያ ጽሑፍ ዲፌንስ፣ ሁሉም ምስጢሩን ማውጣት ነው። የእኛ አዋጅ ባለቤቱ ራሱ ላወጣው ነገር የተወሰነ እፎይታ ይሰጣል፣ አውሮፓ ግን ቀድመህ ካወጣኸው አለቀልህ።

ትልልቆቹም ተሳስተዋል። የስታንፎርዱ ኮኸንና የሳን ፍራንሲስኮው ቦየር ዲኤንኤ ቆርጦ የመቀጠሉን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1973 አሳተሙት፣ የስታንፎርድ የላይሰንስ ቢሮን ያቋቋመው ኒልስ ራይመርስ ነገሩን የሰማው በ1974 ጋዜጣ ላይ ነው፣ እየተሯሯጠ በዛው ዓመት ኅዳር አመለከተ፣ አሜሪካ ለአንድ ዓመት ስለምትታገስ የአሜሪካውን ለጥቂት አዳነው፣ የውጪውን መብት ግን በሙሉ አጣ። እኛም የራሳችን ታሪክ አለን፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ፣ ዕድሜውን በቀንድ አውጣ ለሚተላለፈው ለቢልሃርዚያ መከላከያ ሰጠው፣ ኋላ በ1990ዎቹ የአሜሪካው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድ ሌላ የውሃ ቱቦ የሚዘጋ ዛጎል ለበስ ፍጥረት እንደሚገድል ይዞ ፓተንት አወጣበት።

የትኛውን ወረቀት እንደምታመለክቱም አስቡ። ፓተንት መጀመሪያ 15 ዓመት ነው፣ አገር ውስጥ ሥራ ላይ መዋሉን ካሳያችሁ 5 ይጨመራል። ለአነስተኛ ፈጠራ የሚሰጠው የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፍኬት 5 ዓመት ሆኖ በሥራ ላይ ከዋለ 5 ይታደሳል፣ መስፈርቱም ቀለል ይላል፣ ለእርሻ መሣሪያና ለምድጃ ዓይነት ነገር እኔ እሱን እመርጣለሁ። የሰብል ዝርያ ከሆነ ፓተንት ቢሮ አትሂዱ፣ ዝርያ ፓተንት አይደረግም፣ የዕፅዋት አዳቃዮች መብት የሚባል ሌላ አዋጅ (1068/2010) አለ።

3. አዲሱ ነገር የቱ ጋ ነው?

ጉግል ፓተንት፣ ኢስፔስኔት፣ ፓተንትስኮፕ፣ ሦስቱም የዓለምን ፓተንት የምትፈልጉባቸው ድረ ገጾች ናቸው፣ ነፃ ናቸው፣ ኔትወርክ የሚኖርበትን ሰዓት ጠብቃችሁ ግቡ። የኛ ቡድን "በበግ ፀጉር ብርድ መከላከል" የእኛ ፈጠራ ነው ብሎ ነበር የመጣው። አንድ ከሰዓት ስንፈልግ ዋልን፣ በበግ ፀጉር ቤት ማሞቅ ሌላው ዓለም ላይ ድሮ የተሠራበት ነው። መምህሩ ፊቱ ጠቆረ። ግን ቁጭ ብለን ስናነብ የእነሱ ማያያዣና ብል መከላከያው በአንድ ጊዜ የሚገባበት መንገድ የትም የለም። አዲሱ ነገር እሱ ነበር። ጠበበ ግን ጠነከረ። ኩባንያ ፊት "በዚህ በዓለም የመጀመሪያ ነን" ብላችሁ ኢንጂነሩ እዛው ስልኩን አውጥቶ ከሚያሳፍራችሁ እቤታችሁ ማፈር ይሻላል።

4. በዚህ ችግር ብር እየጠፋበት ያለው ማነው?

ሌላውን ሁሉ በጥድፊያ ብታነቡት ይሄን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ተመራማሪ ገዢ ሲፈልግ የሚያስበው ስለ ጥሬ ዕቃው ነው። የበግ ፀጉር ነው? እንግዲያው ብርድ ልብስ ፋብሪካ። ድንች ነው? ቺፕስ የሚሠራ። እኛም እንደዛ አሰብንና ፀጉር የሚያውቅ ፋብሪካ ሄድን። ሰውዬው በጨዋነት ሻይ ጋብዞን "እኔ ክር ነው የማውቀው፣ ሰሌዳ ለማን ልሽጥ?" አለን። ልክ ነው። ፀጉር ያውቃል፣ ችግሩ ግን የሱ አይደለም።

ከዛ ጥያቄውን ገለበጥነው። በዚህ አካባቢ ብርድ ኪሱን የሚቆርጠው ማነው? ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎት ያድራል። የአንድ ቀን ጫጩት ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል። ይሄን ሁለት ነገር ጎን ለጎን ስታስቀምጡት የሚጮኸው ሰው ወዲያው ይታወቃችኋል።

ከከተማው ወጣ ብሎ ጫጩት የሚያሳድግ አንድ ጎልማሳ ጋ ሄድን። "ጋሼ፣ በሌሊት ለማሞቂያ ስንት ታወጣለህ?" ስንለው አልመለሰም፣ ገብቶ ጠርዙ የተበላ ባለ 50 ሉክ ደብተር አወጣ። በእጁ መስመር አስምሮበታል፦ ቀን፣ ከሰል፣ መብራት የጠፋበት ሰዓት፣ መጨረሻ ላይ "የሞተ"። ከሰሉን ስናይ ያን ያህል አይደለም። "የሞተ" የሚለው ዓምድ ግን መብራት ከጠፋበት ሌሊት ጋር እኩል ከፍ ዝቅ ይላል፣ አንዱ ሌሊት ላይ ቁጥሩን ጽፎ በእስክሪብቶ ሁለት ጊዜ ከቦታል። እኛ "ኢነርጂ ይቆጥባል" ልንል ነበር የሄድነው። ሰውዬው የሚያጣው ከሰል ሳይሆን ጫጩት ነው። ሁለት ዓመት ላብራቶሪ ውስጥ የተቀመጠ ነገር የሚሸጥበትን ዓረፍተ ነገር ከዛ ደብተር ላይ ገለበጥነው።

አሁን ልዩነቱን አስተውሉ፤ ጫጩት አሳዳጊው የሚታመመው ሰው ነው እንጂ ላይሰንስ የሚወስደው እሱ አይደለም። ላይሰንስ የሚወስደው የዶሮ ቤትና ኬጅ ሠርቶ ለነሱ የሚሸጠው የብረታ ብረት ድርጅት ነው። ሁለቱን ካምታታችሁ ዓመት ትደክማላችሁ። መጀመሪያ የሚታመሙትን አምስት ስድስት ሰው አነጋግሩ፣ ቁጥራቸውን ጻፉ፣ ያን ይዛችሁ ለነሱ ዕቃ የሚሠራው ጋ ሂዱ። "ደንበኞችህ ይሄን ይፈልጋሉ፣ እነ እገሌን ደውለህ ጠይቅ" የሚል ሰው በር አይዘጋበትም።

ይሄ ለሌላውም ይሠራል። ሸዋ ሮቢትና አጣዬ አካባቢ የማሾ ማበጠሪያ የሠራችሁ ከሆነ የሚታመመው ጠጠር ስላገኘበት ዋጋ የሚቆረጥበት ነጋዴ ነው፣ ላይሰንስ ወሳጁ ማሽን ሠሪው ወርክሾፕ ነው። ምንጃር ላይ የጤፍ ከሆነ፣ እነዋሪ ላይ የስንዴ ከሆነ፣ ያው ነው፣ ደብተሩን ፈልጉ። ሁሉም ሰው ደብተር አለው፣ ባይጽፈው እንኳ በጭንቅላቱ ይዞታል።

5. ዝርዝር አውጡ፣ ከዛ የመምህሩን ስልክ ተበደሩ

አስራ አምስት ሃያ ስም ይበቃል። ሁለት መቶ ድርጅት ለቅማችሁ አንድ ዓይነት ኢሜይል መላክ ዋጋ የለውም፣ ሞክሬዋለሁ፣ ሁለት መልስ መጣ፣ አንዱ "ስራ ፈላጊ ከሆናችሁ ሲቪ ላኩ" የሚል ነው።

ጥሩው ስም ሁልጊዜ የሚመጣው ከተመራማሪው ነው። የት ኮንፈረንስ ላይ ማን ጥያቄ ጠየቀው፣ ማን ናሙና ለመነው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያስተማራቸው ልጆች የት ገቡ? ይሄ የኛ ትልቁ ሀብት ነው፣ ማንም አይጠቀምበትም። ከዚህ እስከ አዲስ አበባ ባለው 130 ኪሎ ሜትር መንገድ ዳር ያለ ፋብሪካ ውስጥ የኛ ተመራቂ ሺፍት መሪ ወይ ኳሊቲ ሆኖ የማይሠራበት ካለ እኔ አላውቅም። ልጁ መወሰን አይችልም ግን "ይሄን ነገር የሚሰማው ኢንጂነር እገሌ ነው፣ ጠዋት አትደውሉለት፣ ከምሳ በኋላ ይሻላል" ይላችኋል። ይሄ ወርቅ ነው።

6. አንድ ገጽ

አንድ ብቻ። ሁለተኛ ገጽ ከጀመራችሁ አላሰባችሁበትም ማለት ነው። የመጀመሪያው የኛ ርዕስ ይሄ ነበር፦ "ከሀገር በቀል የበግ ፀጉር የተዘጋጀ ኢኮ ፍሬንድሊ ባዮ ኮምፖዚት የሙቀት መከላከያ ቁስ ልማትና የባሕርይ ጥናት"። ከደብተሩ በኋላ ይሄ ሆነ፦ "መብራት ሲጠፋ ጫጩት እንዳይሞት የሚያደርግ የግድግዳ ሰሌዳ"።

ከርዕሱ ስር ምን ምን ይግባ? ችግሩ በሁለት መስመር፣ በሰው ቋንቋ፣ ከተቻለ በቁጥር። ነገራችሁ ምን እንደሚያደርግ (እንዴት እንደሚያደርግ አይደለም!)። ዛሬ ሰው ከሚጠቀምበት ጋር ሲነፃፀር በምን ይሻላል፣ በምን ያንሳል፣ አዎ የሚያንስበትንም ጻፉ፣ ኢንጂነር ጉድለት የሌለበት ወረቀት አያምንም። የት ደርሷል፦ ላብራቶሪ ውስጥ ነው፣ አንድ ክፍል ተሠርቶበታል፣ ስንት ሌሊት ተለክቷል። የመብቱ ሁኔታ በአንድ መስመር። የምትፈልጉት ምንድነው፦ "የሚያመርት ድርጅት በላይሰንስ እንፈልጋለን፣ ለሙከራ ናሙና እንሰጣለን"። አንድ ጥሩ ፎቶ፣ ሰሌዳው ግድግዳ ላይ ሆኖ እንጂ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሪባን ሲቆርጡ አይደለም። ስልክ፣ የሚነሳ ስልክ።

ምን እንዳይገባ? ሬሲፒው። የማያያዣው ስም፣ መጠኑ፣ የሚጫንበት ሙቀት፣ አንዱም አይገባም። ይሄ ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል፣ ፎቶ ተነስቶ ቴሌግራም ላይ ይወጣል ብላችሁ አስቡና ጻፉ።

7. በሩን ማንኳኳት

በማኅተም የተደገፈ ደብዳቤ ለዋና ሥራ አስኪያጅ ከመጻፍ አትጀምሩ። አንዴ ለአንድ ትልቅ ፋብሪካ ቁጥርና ቀን ያለው ደብዳቤ መዝገብ ቤት አስገብተን ወር ጠበቅን። ስንጠይቅ "ወደ ግዥ ተመርቷል" ተባልን። ግዥ ስንሄድ ልጅቷ ፋይሉን አገላብጣ "እሺ፣ ፕሮፎርማችሁ የታለ? ሦስት ዋጋ ነው የምናወዳድረው" አለችን። ፓተንት በሦስት ፕሮፎርማ! አትፈረድም፣ "ለመሸጥ" የሚል ቃል የተጻፈው በኛው ደብዳቤ ላይ ነው።

መንገዱ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ተመራቂው ልጅ ወይ የምታውቁት ሰው ስማችሁን ይጥራላችሁ። ቀጥሎ ስልክ፣ ለቴክኒክ ወይ ለምርት ኃላፊው፣ ከሁለት ደቂቃ ያልበለጠ፣ "ጫጩት አሳዳጊ ደንበኞቻችሁ በመብራት መጥፋት የሚያጡትን የሚቀንስ ነገር አለን፣ አንድ ገጽ ልላክልዎት?" ብቻ። እሺ ካለ እዛው ላኩ፣ በቴሌግራምም ይሁን በኢሜይል እሱ በሚመቸው። በሳምንቱ ድጋሚ ደውሉ። ዝም ካለ በሦስተኛው ሳምንት አንዴ። ከዛ ተዉት፣ ወደሚቀጥለው ስም። ደብዳቤው የሚያስፈልገው ሰውዬው ፍላጎት ካሳየ በኋላ ነው፣ ያኔ ራሱ "በደብዳቤ አርጉልኝ" ይላችኋል፣ እንዴት እንደሚጻፍም ይነግራችኋል።

እምቢ የሚሉትን አትጥሏቸው። "ለምን አልሆነም?" ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱን ጻፉ። ሦስት ሰው "እርጥበትስ?" ካላችሁ ቀጣዩ የላብራቶሪ ሥራችሁ ታወቀ ማለት ነው።

8. ስብሰባው ላይ

ፓወርፖይንቱን ተዉት፣ ናሙና ይዛችሁ ሂዱ። እኛ ሁለት የእጅ ስፋት የሚያህል ሰሌዳ በፌስታል ይዘን የዶሮ ቤት የሚሠራው ድርጅት ጋ ሄድን። ኢንጂነሩ ሰላምታውን ሳይጨርስ ሰሌዳውን ተቀበለን፣ በጥፍሩ ጠርዙን ፈቀፈቀው፣ አሸተተው፣ ከዛ ላይተር አውጥቶ ጫፉን ለኮሰው። መምህሩ ሊቀማው እጁን ሲዘረጋ በጉልበቴ ነካሁት፣ ዝም በል። ፀጉር ቶሎ አይነድም፣ ጠቆረና ራሱ ጠፋ፣ ክፍሉን የጠብሲ ሽታ ሞላው። ኢንጂነሩ ሳቀ፣ ከዛ በኋላ ወሬው ሁሉ ተለወጠ። ሰው በገዛ እጁ የሞከረውን ያምናል፣ እናንተ ግራፍ ብታሳዩት ያዛጋል።

ቀጥሎ ግን "ሲረጥብስ? የዶሮ ቤት እኮ በትንፋሽና በኩስ እርጥበት የተሞላ ነው" አለን። የበግ ፀጉር ከክብደቱ ሲሶ ገደማ እርጥበት ይዞ ደረቅ ይመስላል፣ ይሄን ነገርነው፣ ግን ማያያዣው ከሦስት ወር እርጥበት በኋላ ምን እንደሚሆን አልለካንም ነበር። መምህሩ ሊያድበሰብስ ሲል "አልለካንም፣ በስምንት ሳምንት ለክተን እናመጣለን" ብዬ ጣልቃ ገባሁ። ለክተን አመጣን። የሚቀጥለውን ስብሰባ የጠራው እሱ ነው። ቀጠሮ አክባሪ ዩኒቨርሲቲ ፋብሪካ ሰፈር ብርቅ ነው፣ በዚህ ብቻ ትለያላችሁ።

ሌላው፣ ተመራማሪው ይምጣ ግን ብዙ አያውራ። ከጊዜው ግማሽ በላይ እነሱ ይናገሩ። ማሽናችሁ ምንድነው፣ በወር ስንት ታመርታላችሁ፣ ዛሬ ግድግዳውን ከምን ትሠሩታላችሁ፣ ዋጋው ስንት ሲሆን ነው የሚዋጣችሁ? ኋላ ሮያሊቲ (ከሽያጩ የሚከፈላችሁን ድርሻ) ስትደራደሩ የሚያስፈልጋችሁ መልስ ሁሉ እዚች ሰዓት ላይ በነፃ ይነገራል።

ዝርዝሩን ሲጠይቁ ያኔ የምስጢር ውል ታስፈርማላችሁ። ሁለት ገጽ ይበቃል፦ ምን እንደተሰጠ፣ ለምን ብቻ እንደሚጠቀሙበት፣ ለስንት ዓመት እንደሚጠበቅ። ከመጀመሪያው ስልክ ላይ ምስጢር ፈርሙ ማለት ግን ሰው ማባረር ነው።

9. ኦፕሽን፣ ማለትም ጋብቻ ሳይሆን ሽማግሌ መላክ

ኩባንያው ወዶታል ግን ፈርቷል። ተፈጥሯዊ ነው። በአሜሪካ 62 ዩኒቨርሲቲዎች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት ላይሰንስ ከተደረጉት ፈጠራዎች ለገበያ ዝግጁ ሆነው የተገኙት 12 በመቶ ብቻ እንደሆኑ አሳይቷል፣ ግማሽ የሚጠጋው ገና "ሐሳቡ ይሠራል" ከሚባል ደረጃ ያላለፈ ነው። እዛ እንዲህ ከሆነ እኛ ጋ "ፕሮቶታይፑ ስላላለቀ ነው" ብላችሁ አትሳቀቁ።

መፍትሄው አጭር የኦፕሽን ውል ነው፣ ለኩባንያው እንዲህ ትሉታላችሁ፦ ለስድስት ወር ወይ ለዓመት ለሌላ ላንሰጥ ቃል እንገባለን፣ እናንተ በራሳችሁ ወርክሾፕ ሞክሩት፣ ለዚህ መጠነኛ ብር ትከፍላላችሁ ወይም የሙከራውን ዕቃ ወጪ ትሸፍናላችሁ። ትንሽም ብትሆን ክፈሉ በሏቸው፣ ያልከፈለበትን ነገር ሰው ጓዳ ያስገባዋል። ጊዜው ሲያልቅ ወይ ላይሰንስ ወይ ደህና ሁኑ።

10. ውሉ

አሁን ወደ እኩሉ ልመለስ። መሬትህን ለእኩል ሰጥተኸው ሰውዬው ጦም ቢያሳድረውስ? አንተም አላረስክ፣ ሌላም አላረሰ። ኤክስክሉሲቭ ላይሰንስ (ለአንድ ኩባንያ ብቻ የሚሰጥ) ያለ ግዴታ መስጠት ይሄው ነው። አንዳንዱ ኩባንያ የሚወስደው ሊሠራበት ሳይሆን ተፎካካሪው እንዳይሠራበት ነው። ስለዚህ ኤክስክሉሲቭ ከሰጣችሁ ቀን የተቆረጠለት ግዴታ አስገቡ፦ በዚህ ወር ሙከራ ምርት፣ በዚህ ዓመት ሽያጭ፣ ካልሆነ መብቱ ይመለሳል ወይም ኤክስክሉሲቭነቱ ይቀራል።

ዘርፍም ቁረጡ። ለዶሮ ቤት ብቻ ስጡት፣ ለድንች መጋዘንና ለመኖሪያ ቤት ሌላ ሰው ይምጣበት። የኮኸንና የቦየር ዘዴ ለማንም ብቻውን አልተሰጠም፣ መጀመሪያ ለገቡት 10,000 ዶላር መግቢያ ተቆርጦ ለጠየቀ ሁሉ ተከፈተ፣ ፓተንቱ እ.ኤ.አ. በ1997 እስኪያልቅ 468 ኩባንያ ወስዶት ወደ 255 ሚሊዮን ዶላር ገባበት። ግን ያ ሁሉም ለየራሱ ሥራ የሚጠቀምበት መሣሪያ ዓይነት ነገር ስለሆነ ነው። ኩባንያው አዲስ ማሽን ገዝቶ ገበያ ሊከፍት ከሆነ ብቻዬን ስጡኝ ማለቱ ያስኬዳል።

ምንጃርም ሆነ ጅሩ ያደገ ሰው የጤፉን ነገር ሰምቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 አገራችን ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር በጤፍ ላይ ስምምነት ፈረመች፣ ኩባንያው በ2009 ከሰረ፣ የጤፍ ዱቄቱ ፓተንት ግን አብሮ አልሞተም፣ ወደ ሌላ እጅ ዞሮ በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት የሆላንዱን ፓተንት ዋጋ እስኪያሳጣው ድረስ ኖረ። ስለዚህ ውላችሁ ውስጥ "ድርጅቱ ቢከስር፣ ቢሸጥ፣ ባለቤት ቢቀይር መብቱ ለዩኒቨርሲቲው ይመለሳል፣ ያለ ፈቃዳችን ለሦስተኛ ወገን አይተላለፍም" የሚል መስመር ይኑር።

ብሩ ላይ። እንበልና አንድ ሰሌዳ 1,000 ብር ይሸጣል፣ በዓመት 3,000 ይሸጣሉ፣ ሮያሊቲው 4 በመቶ ነው፣ 120,000 ብር ማለት ነው። ሁለት ነገር ጠብቁ። አንደኛ ከሽያጭ ላይ እንጂ ከትርፍ ላይ አትስማሙ፣ ትርፍ እኮ በሒሳብ ባለሙያ እጅ የሚጠፋ ነገር ነው። ሁለተኛ ዝቅተኛ የዓመት ክፍያ አስቀምጡ፣ ለምሳሌ ምንም ባይሸጥም 40,000፣ ጦም እንዳያሳድሩት እሱ ነው የሚቀሰቅሳቸው። መግቢያውን ግን አታክብዱት፣ ብዙ ዩኒቨርሲቲ "ሚሊዮን ካልሆነ" ብሎ ገዢ አባሯል።

የቀሩትን በፍጥነት፦ የሽያጭ ሪፖርት በየሩብ ዓመቱ፣ መዝገብ የማየት መብት፣ መምህሩ የማሳተምና የማስተማር መብቱ እንዲጠበቅ፣ ኩባንያው ነገሩን ቢያሻሽለው ማሻሻያው የማን እንደሚሆን፣ ማን የዓመት ክፍያ ለአእምሯዊ ንብረት ባለስልጣን እንደሚከፍል። ውሉንም እዛው አስመዝግቡት፣ ወሳጁ የውጭ ባለሀብት ከሆነ ኢንቨስትመንት ኮሚሽንም ጠይቁ።

11. ብሩ ሲመጣ የት ይገባል?

ይሄን ውል ከመፈረማችሁ በፊት ፋይናንስ ሄዳችሁ ጠይቁ፣ "ኩባንያ ሮያሊቲ ቢያስገባ በየትኛው አካውንት? ለፈጣሪው የሚከፈለውስ በምን መመሪያ?" መልሱ ዝምታ ከሆነ ሴኔቱ የሚያጸድቀው የአንድ ገጽ መመሪያ አስጽፉ። ስታንፎርድ ከሚገባው ላይ ለቢሮው 15 በመቶ ያነሳና የቀረውን ለፈጣሪው፣ ለትምህርት ክፍሉና ለፋኩልቲው ሲሶ ሲሶ ያካፍላል። እኛ ጋ ቁጥሩ ሌላ ሊሆን ይችላል፣ ዋናው ብሩ ሳይመጣ መጻፉ ነው። ብር ከመጣ በኋላ የሚጻፍ መመሪያ ጠብ ነው።

ከፊርማ በኋላ ሥራው አላለቀም፣ ወረቀት ብቻውን ሰሌዳ አይሠራም። ተማሪ ወይ ላብ ቴክኒሺያን የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ወርክሾፑ ውስጥ ቁጭ ብሎ እጅ በእጅ ማሳየት አለበት፣ የሱን አበልና ትራንስፖርት ውሉ ውስጥ አስገቡት። የኛዎቹ አሁን ኦፕሽኑ ላይ ናቸው። ባለ ደብተሩ ጋሼ ሁለት ክፍል አለው፣ አንዱን በሰሌዳ አለበስነው፣ አንዱን እንዳለ ተውነው፣ ሁለቱም ላይ ቴርሞሜትር ተሰቅሏል፣ ደብተሩ ላይም ከ"የሞተ" አጠገብ ሌላ ዓምድ አስምሮ "የሞተ፣ ባለ ፀጉሩ" ብሎ ጽፎበታል፣ ኅዳር ሲገባ እንቆጥራለን።